የወፍጮው ብናኝ፦ ኮምፓይለር ያወጣው ኮድ በማን ፈቃድ ይተዳደራል?

ከይርጋጨፌ በስተደቡብ፣ በኮቸሬ ወረዳ፣ ጨለለቅቱ ላይ ቀይ የቡና እሸት ወደ መፈልፈያ ማሽን ሲገባ፣ ማሽኑን የፈበረከው ኩባንያ ከፍሬው ድርሻ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማሽኑ ተገዝቷል፤ ቡናው የባለቡናው ነው። ወፍጮ ቤት ስንገባ ግን ነገሩ በጥቂቱ ይለወጣል። ድንጋዩ እንደተወቀረ መጀመሪያ የሚፈጨው እህል ውስጥ የድንጋይ ብናኝ ይገባል። ከፊት የነበረው ባለወረፋ ገብስ አስፈጭቶ ከሆነ ደግሞ ተከታዩ ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደው የጤፍ ዱቄት ጥቂት የሰው ገብስ ይይዛል።

ኮምፓይለር ወደ መፈልፈያው ያደላል ወይስ ወደ ወፍጮው? ፕሮግራመሩ የጻፈውን ሶርስ ኮድ ተቀብሎ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው የማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ይህ መሣሪያ ራሱም ደራሲና የቅጂ መብት ያለው ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራጨው በኦፕን ሶርስ ፈቃድ ነው። ከእነዚህ ፈቃዶች አንዳንዶቹ “ከእኔ የወሰድከውን ለሌላ ስታሳልፍ በዚያው ነፃነት አሳልፈው” የሚል ግዴታ ይዘዋል። ታዲያ ዲላ ተቀምጦ ለአንድ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት ኮዱን በእንዲህ ያለ ኮምፓይለር ቢያሳልፈው፣ የሚሸጠው ፕሮግራም በኮምፓይለሩ ፈቃድ ሥር ይወድቃል?

አጭሩ መልስ “አይወድቅም” ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚህ ይስማማል። የማይስማሙት ለምን እንደማይወድቅ ነው። ከምክንያቶቹ መካከል የትኛውን እንደያዝን የሚታወቀው ደግሞ ጉዳዩ ከተለመደው መንገድ ሲወጣ ነው፤ ላለፉት አርባ ዓመታት በተደጋጋሚ ወጥቷል።

ትርጉምና ጭማሪ

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ከለቀቀው የጂሲሲ ኮምፓይለር ነው። በዚያን ጊዜ የግኑ ፕሮጀክት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፈቃድ ጽሑፍ ነበራቸው። ለሁሉም የሚያገለግለው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ የመጣው በ1989 ነው፤ ሁለተኛው ዕትም በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ። ሁለተኛው ዕትም አንድ ወሳኝ ነገር ያስቀምጣል፦ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያወጣው ውጤት በፈቃዱ የሚሸፈነው ይዘቱ ራሱ በፕሮግራሙ ላይ የተመሠረተ ሥራ ከሆነ ብቻ ነው። ሦስተኛውም ዕትም በሌላ ቃል ይህንኑ ይላል። ከሁለቱም የሚወጣው መመዘኛ ስለ ይዘት እንጂ ስለ አሠራር አይደለም። ውጤቱ በዚያ መሣሪያ መሠራቱ ምንም አያመጣም፤ የሚጠየቀው ከመሣሪያው ምን በውስጡ እንደቀረ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። ኮምፓይለር አንደኛ ይተረጉማል፦ “ሁለቱን ቁጥሮች ደምር” ያልነውን ማሽኑ በሚገባው ትእዛዝ ይጽፈዋል። ሁለተኛ ይጨምራል፦ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያዘጋጀውን መነሻ ኮድ፣ አነስተኛ ማሽን በአንድ ትእዛዝ የማይችለውን የትልልቅ ቁጥሮች ማካፈል የሚሠራውን ክፍል፣ ስህተት ሲፈጠር የሚደርሰውን ክፍል ከራሱ መጋዘን አውጥቶ ያስገባል። የተተረጎመው ከፕሮግራመሩ የመጣ ነው። የተጨመረው ግን ሌላ ሰው የጻፈው፣ ቃል በቃል የተገለበጠ ኮድ ነው። የወፍጮው ብናኝ ማለት ይህ ነው።

በአማርኛ ኮምፓይለርን “ተርጓሚ” ስንለው ልዩነቱ ይሸሸጋል። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው በየገጹ ቃል ይመርጣል፣ ዘይቤ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ይሸነፋል። ሕግ ለእርሱ የራሱ የሆነ መብት የሚሰጠው በዚህ ምርጫ ምክንያት ነው። ኮምፓይለር ግን ተመሳሳይ ኮድ በተመሳሳይ ማስተካከያ ሲሰጠው በመሠረቱ ተመሳሳይ ውጤት ያወጣል። ስለዚህም ብዙ የሕግ ጸሐፊዎች የማሽን ኮዱን የሚያዩት እንደ አዲስ ትርጉም ሳይሆን እንደ ሶርስ ኮዱ ሌላ ግልባጭ ነው። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1983 በአፕልና በፍራንክሊን ጉዳይ በማሽን ቋንቋ ያለ ፕሮግራምም የቅጂ መብት ጥበቃ እንደሚያገኝ ወስኗል።

ከቢሰን የተገኘው ትምህርት

ሐሳቡን ከማንም በላይ ግልጽ ያደረገው ጂሲሲ ሳይሆን ታናሽ ባልንጀራው ቢሰን ነው። ቢሰን የአንድ ቋንቋ ሰዋስው ሲሰጠው ያንን ቋንቋ የሚያነብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ ይሰጣል። ተጠቃሚው ሰዋስውን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ሰዋስውን የሚነዳው ሞተር ከቢሰን ይመጣል። ሞተሩ ትንሽ ቁራጭ አይደለም፤ ቃል በቃል ወደ ውጤቱ የሚገለበጥ ትልቅ የቢሰን አካል ነው።

በዚህ የተነሣ እስከ 1.24ኛው ዕትም ድረስ ቢሰን ያወጣውን ኮድ መጠቀም የሚቻለው ራሳቸው ነፃ በሆኑ ፕሮግራሞች ውስጥ ብቻ ነበር። ጂሲሲ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ ኖሮ አያውቅም። የሚገርመው የቢሰን መመሪያ ራሱ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው፦ ይህ ታስቦበት የወጣ ፖሊሲ አልነበረም። የተለመደው ፈቃድ በቢሰን ኮድ ሁሉ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ውጤቱም አብሮ ታሰረ። ገደቡ ግን ሰዎች ፕሮግራማቸውን ነፃ እንዲያደርጉ ብዙም አላነሣሣም። አዘጋጆቹም ቢሰን እንደ ሌሎቹ የግኑ መሣሪያዎች እንዲሆን ወሰኑና ልዩ ፈቃድ ጨመሩ። ያም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የሠራው ለአንድ ዓይነት የሲ ውጤት ብቻ ነበር፤ ወደ ሌሎቹ የሰፋው በ2.2ኛው ዕትም ነው። ዛሬም አንድ ገደብ ቀርቷል፦ ያን ሞተር ወስዶ የቢሰን ተፎካካሪ የሆነ ሌላ አንባቢ ሠሪ መሣሪያ መገንባት በልዩ ፈቃዱ አይሸፈንም።

የቢሰን ታሪክ ለሁለት ወገን ማስረጃ ሆኖ መቅረቡን ልብ ይሏል። “የመሣሪያው ፈቃድ ወደ ውጤቱ አይሻገርም” የሚሉት የግኑን ውሳኔ ይጠቅሳሉ። “ይሻገራል” የሚሉት ደግሞ ባይሻገር ኖሮ ልዩ ፈቃድ ለምን አስፈለገ ይላሉ። ለእኔ ሁለቱም ግማሹን ነው የያዙት። የተሻገረው ፈቃድ አይደለም፤ የተሻገረው ኮድ ነው፣ ፈቃዱ ኮዱን ተከትሎ መጣ።

ይኸው ሥርዓት በሌሎች መሣሪያዎችም ተደግሟል። አውቶኮንፍ የሚያወጣው የማዋቀሪያ ጽሑፍ ውስጥ የአውቶኮንፍ አካል ስለሚገባ ለእርሱም የተለየ ፈቃድ ተጽፏል። በዛሬ የድረ ገጽ ሥራ ታይፕስክሪፕት ወደ ጃቫስክሪፕት ሲለወጥ አነስተኛ ረዳት ተግባራት ውጤቱ ውስጥ ይገባሉ። ኮምፓይለሩ በአፓቼ ፈቃድ ቢሠራጭም፣ ማይክሮሶፍት የረዳቶቹን ጥቅል ስም መጥቀስ እንኳ በማይጠይቅ ፈቃድ ነው ያወጣው። በየድረ ገጹ ግርጌ የማይክሮሶፍትን ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው እንደማይኖር ማንም ያውቀዋል።

ብናኙን እንደ መያዣ

ጂሲሲ ያስገባው ተጨማሪ ኮድ መጀመሪያ ላይ እንደ ቴክኒክ ጣጣ ብቻ ይታይ ነበር፤ ማንም ፕሮግራም ሲያወጣ ያን ክፍል እንዳይፈራ ልዩ ፈቃድ ተሰጠው። ሦስተኛው ጂፒኤል ከወጣ በኋላ ግን የግኑ ሰዎች ብናኙን ለሌላ ዓላማ አዋሉት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2009 የወጣው፣ 3.1 የሚባለው የጂሲሲ ማስኬጃ ላይብረሪ ልዩ ፈቃድ ለተጠቃሚው እንዲህ ይለዋል፦ የገባብህን የእኛን ኮድ በፈለግኸው ፈቃድ አሠራጭ፤ ነገር ግን ኮዱ የተጠናቀረበት ሂደት ብቁ መሆን አለበት። ብቁ የሚባለው በጂሲሲ ብቻ ወይም ከጂፒኤል ጋር ከሚስማሙ ሌሎች መሣሪያዎች ጋር፣ አለዚያም ጂሲሲን ጨርሶ ሳይነካ የተከናወነ ሲሆን ነው። የጂሲሲን የውስጥ ቅርጽ መሐል ላይ አውጥቶ በዝግ መሣሪያ ያስቀጠለ ሰው ልዩ ፈቃዱን አያገኝም።

ፍርሃቱ ከየትም የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኔክስት የተባለው የስቲቭ ጆብስ ኩባንያ ኦብጀክቲቭ ሲ የተባለውን ቋንቋ በጂሲሲ ላይ ሲገነባ፣ የራሱን ክፍል ዝግ አድርጎ ተጠቃሚው ራሱ ከጂሲሲ ጋር እንዲያገናኘው አስቦ ነበር። ስቶልማን አልተስማማም፤ ኔክስትም ኮዱን ከፈተ። ከሃያ ዓመት በኋላ ጂሲሲ ተሰኪዎችን ለመቀበል ሲዘጋጅ ያው በር እንደገና እንዳይከፈት የ2009ኙ ፈቃድ ተጻፈ። ተሰኪዎቹ በ4.5ኛው ዕትም፣ በ2010 ገቡ።

ይህን አካሄድ የሚነቅፉ አሉ። ክርክራቸው፣ የተጠቃሚው ፕሮግራም የራሱ ሆኖ ሳለ ውስጡ በገባ ጥቂት ኮድ ምክንያት በምን መሣሪያ እንደሠራ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ብናኝን እንደ መያዣ መጠቀም ነው የሚል ነው። ደጋፊዎቹ ሁኔታው የሚነካው የራሳቸውን ኮድ ብቻ ነው፤ ያልፈለገ የሌላ ሰው ላይብረሪ ይጠቀም ይላሉ። በሕግ ደጋፊዎቹ የሚረቱ ይመስለኛል። በተግባር ግን ላይብረሪውን መተው ኮምፓይለሩን ከመተው ብዙም የማይለይበት ጊዜ አለ።

ሌላው ትልቅ ኮምፓይለር ኤልኤልቪኤም በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በክሪስ ላትነርና በቪክራም አድቬ የተጀመረ ነው፤ ግዴታ በማያበዛ ፈቃድ ነው ያደገው። በ2019 ወደ አፓቼ ፈቃድ ሲዞር ግን እርሱም ልዩ ፈቃድ ማከል ግድ ሆነበት። አፓቼ ኮዱን የሚያሠራጭ ሰው የፈቃዱን ጽሑፍና ማስታወቂያዎቹን እንዲያያይዝ ይጠይቃል። የኤልኤልቪኤም ቅሪት በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ከገባ፣ ፕሮግራም የሚሸጥ ሁሉ ያን ወረቀት ሊያያይዝ ነው። ስለዚህ በማጠናቀር ምክንያት የገባው ክፍል ከግዴታው ነፃ ወጣ። ጣጣው የጂፒኤል ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም ውጤቱ የግብዓቱ ባለቤት ንብረት ነው ይላል። መሣሪያ መሣሪያ ነው። በፓወር ግዕዝ የመተየቢያ ሶፍትዌር የተጻፈ የቀበሌ ደብዳቤ የፓወር ግዕዝ ባለቤቶች ደብዳቤ አይሆንም። በእንግሊዝ በ1985 በኤክስፕረስ ጋዜጦችና በሊቨርፑል ዴይሊ ፖስት ጉዳይ፣ ለጋዜጣ ሽልማት በኮምፒውተር የወጡ የፊደል ሠንጠረዦች ደራሲ ማን ነው ሲባል ዳኛው ኮምፒውተሩን ከብዕር ጋር ነው ያመሳሰሉት። የግኑ ሰዎችም በመርሕ ደረጃ ከዚህ አይርቁም፦ ሰዎች የራሳቸውን መረጃ አስገብተው በፕሮግራምህ በሚያወጡት ውጤት ላይ የቅጂ መብት ሕግ ቃል አይሰጥህም ይላሉ።

ሁለተኛው አቋም ቅሪቱን ይመለከታል፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የእርሱ ማስረጃ ነው። ችግሩ መጠን ነው። ስንት መስመር ሲገባ ነው የሌላ ሰው ሥራ የሚሆነው? አሥር የማሽን ትእዛዞች፣ ያውም በሌላ መንገድ ሊጻፉ የማይችሉ፣ የፈጠራ ሥራ ይባላሉ? እዚህ ላይ የሰላ መስመር የለም። ልዩ ፈቃዶቹ የተጻፉትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ማንም በፍርድ ቤት መቁጠር አልፈለገም።

ሦስተኛው አቋም ደፋር ነው፦ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ፕሮግራሙ ከሠራና የተጠቃሚው ድርሻ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ ውጤቱ የፕሮግራሙ ባለቤት ንብረት ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተነሥቷል። በ2001 የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተሰወሩ ቃላት የሚፈልግ ሶፍትዌር ባለቤት፣ በሶፍትዌሩ የወጡ ሠንጠረዦችን በመጽሐፉ ባተመው ደራሲ ላይ ያቀረበውን ክስ አልተቀበለም። በ2017 ደግሞ የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በብረት ሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ጉዳይ መርሑን በግምት ተቀብሎ፣ ከሳሹ ግን ፕሮግራሙ የአንበሳውን ድርሻ እንደሠራ አላስረዳም አለ። ለተራ ኮምፓይለር ይህ ስጋት አይደለም፤ አንድ ሺህ መስመር የጻፈ ፕሮግራመር ድርሻው አነስተኛ ነው የሚል አይገኝም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ አንድ ሺህ መስመር ለሚያወጣ መሣሪያ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል።

ከሦስቱም ውጭ የሚቀር፣ በጌዴኦ ምድር ግን ቶሎ የሚነሣ አንድ ምሳሌ አለ፤ የይርጋጨፌ ስም ፈቃድ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በሰኔ 2007 በስምምነት ሲዘጋ የተመረጠው መንገድ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ፈቃድ ነበር። ከኦፕን ሶርስ ጋር የሚመሳሰለው ክፍያ አለመጠየቁና ግዴታ መያዙ ነው። ግን ያ የስም መብት ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ቅርጹ ሁሉ ቢለወጥም ስሙ በከረጢቱ ላይ እስካለ ድረስ ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል። የቅጂ መብት እንዲህ አይሠራም፤ የሚከተለው አገላለጹን እንጂ መለያውን አይደለም። ሁለቱን መቀላቀል “በጂሲሲ የተሠራ ሁሉ የጂሲሲ ነው” ወደሚል ስህተት ይወስዳል።

ፊደላችን የገባበት ጉዳይ

ለአማርኛ ጸሐፊ ጥያቄው ከሲ ቋንቋ ይልቅ በፊደል በኩል ይቀርባል። ኤትዮፕ የሚባል የላቴክ ጥቅል አለ፤ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት፣ የኢትዮጵያን ፊደላት በላቴክ ለመጻፍ የሚያስችል። ላቴክ በሌላ አነጋገር የሰነድ ኮምፓይለር ነው፦ ጸሐፊው ትእዛዝ የተቀላቀለበት ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ እርሱ የተደረደረ ገጽ ያወጣል። ጥቅሉ የሚሠራጨው በጂፒኤል ነው። በእርሱ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ሲወጣ ውስጡ የተጠቀመባቸው ፊደላት ቅርጽ ይገባል፤ የሌላ ሰው ሥራ፣ ቃል በቃል። የቢሰን ጉዳይ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ ማለት ነው።

በጂፒኤል የተያዘ ፎንት ሰነዱን ጂፒኤል ያደርገዋል? ጂፒኤልን የሚያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጥያቄውን በቁም ነገር ወስዶ በ2005 አካባቢ ለፎንት የተዘጋጀ ልዩ ፈቃድ አቀረበ፦ ፎንቱ ሰነድ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሰነዱ በጂፒኤል አይገዛም። ግኑ ፍሪፎንት የተባለው የፊደላት ስብስብ ይህን ልዩ ፈቃድ ይዟል። የሚያስገርመው የፍሪፎንት የኢትዮጵያ ፊደላት የተወሰዱት ከእነዚያው የሃምቡርግ ሰዎች ሥራ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአንድ “ሀ” ቅርጽ በሁለት መንገድ ወደ አንድ ሰነድ ሊደርስ ይችላል፤ ዓይን ሳይለየው መንገዱ ግን የተለያየ የፈቃድ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።

ብዙዎች የሚጠቀሙባቸው ሌሎች ፎንቶች ይህን ጣጣ ገና ከመነሻው ዘግተውታል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ የሚሠራጩት በኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ፈቃድ ነው። የፈቃዱ 1.1ኛ ዕትም ፎንቱ በዚያው ፈቃድ እንዲቆይ ያዝዝና በፎንቱ የተሠሩ ሰነዶች ላይ ግዴታው እንደማይሠራ በግልጽ ይናገራል። ከኮምፓይለር ፈቃዶች ጋር ሲነጻጸር አጻጻፉ የሚያስቀና ነው፤ ጸሐፊው ውጤቱን መጀመሪያ ላይ ነው ያሰበው።

ሌላም ውስብስብ ነገር አለ። በአሜሪካ የፊደል ቅርጽ ራሱ የቅጂ መብት የለውም፤ ቅርጹን የሚያወጣው የፎንት ፋይል ግን እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሊጠበቅ ይችላል። ታዲያ ፒዲኤፉ ውስጥ የገባው ቅርጹ ነው ወይስ ፕሮግራሙ? ታትሞ ወረቀት ላይ ሲወጣ ቅርጹ ብቻ ነው፤ ፋይሉ በኢሜይል ሲላክ ፕሮግራሙም አለ። አንድ ሰነድ በአታሚው በኩል ሲያልፍ የሕግ ጠባዩን ይለውጣል ማለት እንግዳ ነገር ነው። ግን ከዚህ የሚያመልጥ መልስ አላየሁም።

በእኛ ሕግ ሲመዘን

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ከቁጥር 1647 ጀምሮ ደንግጎ ነበር፤ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያነሣ ነገር ግን አልነበረውም። ፕሮግራምን በስሙ ያስገባው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ትርጓሜው ሰፊ ነው፦ በቃልም፣ በኮድም፣ በሥዕላዊ ዕቅድም ሆነ በሌላ መልክ የተገለጸ፣ ኮምፒውተርን ለአንድ ሥራ የሚያንቀሳቅስ የመመሪያ ስብስብ። “በሌላ መልክ” የሚለው የማሽን ኮድን እንደሚይዝ ለመናገር ብዙ አያስቸግርም። የኮምፓይለሩ ቅሪትም እንግዲህ በዚሁ ጥበቃ ሥር ነው።

ደራሲ ማን ነው ለሚለው አዋጁ ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ይጠቁማል። የእንግሊዝ የ1988 ሕግ ሰው ደራሲ በሌለበት በኮምፒውተር ለወጣ ሥራ፣ ሥራው እንዲወጣ ሁኔታውን ያመቻቸውን ሰው ደራሲ ያደርጋል። የእኛ አዋጅ እንዲህ ያለ አንቀጽ አልያዘም። ለኮምፓይለር ይህ ክፍተት አያሳስብም፤ ሶርስ ኮዱን የጻፈ ሰው አለና። ለሌሎች መሣሪያዎች ግን ያሳስባል።

ይበልጥ የሚያከራክረው ፈቃዱ ራሱ በምን መልክ እንደሚጸና ነው። ኦፕን ሶርስ ፈቃድ ውል ነው ወይስ ባለመብቱ በአንድ ወገን የሚሰጠው ሁኔታ ያለበት ፈቃድ? በአሜሪካ በ2008 በጃኮብሰንና በካትዘር ጉዳይ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን መጣስ የቅጂ መብትን መጣስ ሊሆን ይችላል አለ። በእኛ አገር ውል ነው ከተባለና በጽሑፍ መሆን አለበት ከተባለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ይመጣል፦ ፊርማና ሁለት ምስክሮች። ኮምፓይለር ያወረደ ወጣት ሁለት ምስክር ከየት ያመጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ በመስጠት መንገዱን አቅልሏል። ያም ሆኖ ማንም ያልፈረመበት፣ ከፋይል ጋር ተያይዞ የሚዞር ጽሑፍ የት እንደሚመደብ አይነግረንም። የአንድ ወገን ፈቃድ ነው የሚለው ንባብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያለበለዚያ ፈቃዱ ፈርሶ የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው፤ ያለ ፈቃድ የገለበጠ ሆኖ ይቀራልና።

ጉዳዩ የጥቂት ፕሮግራመሮች ወሬ ብቻ እንዳይመስል ፋይዳን ማንሳት ይበቃል። የብሔራዊ መታወቂያው ሥርዓት የተገነባው ባንጋሎር በሚገኝ አንድ ኢንስቲትዩት በተጀመረው ሞሲፕ ላይ ነው። ሞሲፕ በሞዚላ ፈቃድ 2.0 የሚሠራጭ፣ በአብዛኛው በጃቫ የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። የሞዚላ ፈቃድ ግዴታውን በፋይል ይለካል፦ የነካኸውን የእነርሱን ፋይል ክፈት፣ አጠገቡ የጻፍኸው አዲስ ፋይል የራስህ ነው። በክፍት ጃቫ የሚሮጥ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ የጃቫ ላይብረሪዎች በሁለተኛው ጂፒኤል ከክላስፓዝ ልዩ ፈቃድ ጋር ነው የሚመጡት። ያ ልዩ ፈቃድ ባይኖር ከላይብረሪው ጋር የተያያዘ ፕሮግራም ሁሉ በጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር። ዲላ ላይ አሻራ የሰጠ ሰው ይህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ በዚያ ሥርዓት ላይ ተጨማሪ ሠርቶ ለመንግሥት የሚያስረክብ ድርጅት ግን ያስፈልገዋል።

ብናኙ ሳይታይ ሲቀር

እስካሁን ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ያመቸዋል፦ ቅሪቱ በጣት ሊጠቆም ይችላል። የጂሲሲን ላይብረሪ በውጤቱ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት፣ የቢሰንን ሞተር መስመር በመስመር ማስተያየት ይቻላል። በብዙ ሚሊዮን የኦፕን ሶርስ ፋይሎች የሠለጠነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ሲጽፍ ግን የገባው ገብስ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መግባቱም አይታወቅም።

ጊትሃብ ኮፓይለት በ2021 ከተዋወቀ በኋላ፣ በኅዳር 2022 ስማቸው ያልተገለጸ ፕሮግራመሮች በካሊፎርኒያ ጊትሃብን፣ ማይክሮሶፍትንና ኦፕንኤአይን ከሰሱ። ዋናው ክሳቸው መሣሪያው የፈቃድና የደራሲ ስም ማስታወቂያን እየገፈፈ የእነርሱን ኮድ ያወጣል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2024 ያንን የክስ ክፍል ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ይህን ዳሰሳ በቀጥታ ይመለከታል፦ የወጣው ኮድ ከተወሰደበት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ አልታየም። የፈቃድ ውል ጥሰት ክሱ ግን አልወደቀም፤ “አንድ ዓይነት መሆን አለበት ወይ” የሚለው ነጥብ ለ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ቀረበ።

አንደኛው ወገን ይህን ከኮምፓይለር አይለይም ይላል፦ መሣሪያው ተማረ እንጂ አልገለበጠም፤ የቃል በቃል ቅሪት ካልተገኘ ጉዳይ የለም። ሌላው ወገን ኮምፓይለር የሚተረጉመው የተጠቃሚውን ሶርስ ኮድ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚተረጉመው የሌሎችን ነው ይላል። ሁለተኛው ንጽጽር ጠንካራ ነው፤ ግን ወደ ፍርድ የሚወስድ መለኪያ አልያዘም። የደራሲነቱ ጥያቄም በሌላ በኩል ይመጣል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ለመሣሪያው የተሰጠ ትእዛዝ ብቻውን ደራሲ አያደርግም ብሏል። የእኛም አዋጅ በአእምሮው የፈጠረ ሰው ስለሚል ወደዚያው ያዘነብላል። ያ ከሆነ በመሣሪያው ብቻ የወጣ ኮድ ላይ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ መለጠፍ ራሱ ባዶ ይሆናል፤ መብት የሌለው ሰው የሚፈቅደው ነገር የለምና። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በሐምሌ 2024 በተጀመረባት አገር ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም።

አምራቾቹ በበኩላቸው ወንፊት ሠርተዋል። ኮፓይለት የሚያቀርበው ኮድ በሕዝብ ዘንድ ካለ ኮድ ጋር ወደ 150 ገደማ ፊደልና ምልክት ያህል ከተመሳሰለ እንዳይታይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ከዚያ በታች ያለው ያልፋል። የተለዋዋጮቹ ስም ብቻ ተቀይሮ የመጣ ተመሳሳይ ኮድም ሊያልፍ ይችላል።